ቦግ፣ ፏ፣ ድርግም

ሞንታርቦ የጣሊያን ፋብሪካ ስም መሆኑን ከሚያውቀው የማያውቀው ይበዛል። ለሠርግ፣ ለስብሰባ፣ ለጉባኤ የሚቆመውን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ማንም ይሥራው ማን፣ ከቻይና ይምጣ ከዱባይ፣ ሞንታርቦ ብለን እናልፋለን። ዕቃው ከነስሙ መጣ፤ ዕቃው አርጅቶ ተጣለ፤ ስሙ ግን ተከታዮቹን ሁሉ ወረሰ። ከሞንታርቦው ጎን ቆሞ መድረኩን የሚያደምቀው ዕቃ እንዲህ ያለ ዕድል አልቀናውም። ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ይሽከርከርም አይሽከርከርም፣ መብራት ነው፤ አከራዩ ዋጋ ከፍ ማድረግ ሲያምረው ደግሞ ላይቲንግ ይሆናል።

ልዩነቱ በዕቃው ስም አያበቃም። የ1960ዎቹን ባንዶች ድምፅ ሸክላና ካሴት አቆይተውልናል። ዘፋኙንና ባንዱን፣ አንዳንዴም የዜማና የግጥም ደራሲውን ወይም አቀናባሪውን ከልባሱ ላይ ማንበብ ይቻላል። በዚያ ምሽት ከሰገነት ላይ ተቀምጦ መድረኩን ቀይ ያደረገውን፣ ብርሃኑን ለዘፋኙ ብቻ የተወለትን፣ በመጨረሻም ሁሉን ያጠፋውን ሰው ስም የያዘ ልባስ ግን እስካሁን አላየሁም። ብርሃን በካሴት አይቀዳማ! የዚህን ሙያ ታሪክ የሚፈልግ ሰው ከስሞች ዝርዝር ብዙ አያገኝም፤ ከቃላቱ ቢጀምር ይሻለዋል።

አብነት የሚለው ቃል ለዚህ መነሻ ይመቻል። በአዲስ አበባ፣ በልደታ ያለው ሰፈር በዚህ ስም ይጠራል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር ላይም፣ በሰባተኛና በዳርማር መካከል ጣቢያ አለው። ዳርማር የጫማ ፋብሪካ ስም ነበር። አብነት ግን አብ በሚለው ግእዝ ላይ «-ነት» ተቀጥሎ የተሠራ ቃል ነው፤ አባትነት እንደ ማለት። ልጅ የአባቱን እጅ እያየ ስለሚለምድ ቃሉ ምሳሌ፣ መከተያ ሆነ፤ ፊደል የሚቆጠርበት፣ ዜማና ቅኔ የሚቀጸልበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም የአብነት ትምህርት ቤት ተባለ። ታክሲ ውስጥ «አብነት ወራጅ!» የሚለው ተሳፋሪ ይህን ሁሉ እያሰበ አይወርድም፤ ማሰብም የለበትም። እኔን ቃሉ የጠቀመኝ መብራትን ለመፍታት መጀመሪያ የሚጠየቀው የአብነት ተማሪ ስለሆነ ነው። ሦስቱን «ሀ»ዎች የሚለያቸው እሱ ነው።

መብራት ከግእዙ በርሀ ይወጣል፤ ብርሃንና ብሩህም እንዲሁ። የሚጻፉት በሃሌታው ሀ ነው። አማርኛ መጨረሻ ያለችውን «ሀ» ዋጣትና በራ አለ፤ ከዚያ አበራ፣ ማብሪያ፣ ብራ እያለ ተራባ። የመስከረም ሰማይ ብራ ሲሆን፣ ሰውም ልጁን አበራ ሲለው፣ ቃሉ ከአምፑል ማብሪያ ጋር ወንድማማች ነው። የቤተ መቅደሱ ማኅቶት ግን ሌላ ዘር ነው፤ በብዙኃኑ ኀ ከሚጻፈው ኀተወ፣ ነደደና በራ ከሚለው ግሥ የመጣ። ሦስተኛው በሐመሩ ሐ የሚጻፈው በርሐ ነው፤ ፀጉር አጣ ማለት ነው። ራሰ በራ የምንለው ከዚህኛው ነው። አማርኛ ሦስቱን «ሀ»ዎች በድምፅ አንድ ስላደረጋቸው፣ አምፑሉም በራ፣ ሰውየውም በራ ሆኑ። ከመድረክ መብራት ሥር ራሰ በራ ዘፋኝ ቆሞ ያየ ሰው ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው ብሎ ቢምል አልፈርድበትም፤ ፊደላቸው ግን ይለያቸዋል።

ጨለማና ጥላም ሊረሱ አይገባም፤ የመብራት ሙያ ግማሹ የት እንደማይበራ መወሰን ነው። ግእዝ ጸልመ ያለውን አማርኛ ጨለመ አለው፤ ጽላሎት ያለውን ደግሞ ጥላ። ሁለቱም በጸሎቱ ጸ የሚጻፉ ነበሩ፤ አንዷ «ጸ» ወደ «ጨ» ሄደች፣ አንዷ ወደ «ጠ»። ባላገሩ ፀሐይን ጠሐይ ወይም ጣይ ሲል የምንሰማው መንገድ ይኸው ነው። የመድረኩ መጋረጃም ከሰማይ ዘመድ አለው፤ ጋረደ ከሚለው ግሥ ወጥቶ ከፀሐይ ግርዶሽ ጋር አንድ ቤት ይቆጠራል።

መድረክ የሚለው ቃል ታሪክ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ግእዙ መድረክ የበር ደፍ ነው፤ ሰው ገና ሳይገባ፣ ከውጭም ሳይሆን የሚረግጠው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በትንቢተ ሕዝቅኤል ውኃው ከሥሩ የሚወጣው መድረክ ይህ ደፍ ነው፤ ዘፋኝ አልቆመበትም። ከደጃፍ ከፍ ብሎ የሚሠራው እርከን ቀስ በቀስ ተናጋሪ የሚቆምበት ሆነ፤ ከዚያም የቴአትርና የሙዚቃ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ ፖለቲከኛውም «መድረክ ይሰጠን» ይላል። ብርሃኑ የሚያርፍበት ወለል ከድሮም የመካከል ቦታ ስም መያዙ ለሥራው የተስማማ ነው።

ኤሌክትሪክ አዲስ አበባ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ግቢ በጄኔሬተር እንደበራ ይነገራል። ሕዝቡ በጨለማ ክፍል ከብርሃን የተሠራ ትርዒት ማየት ሲጀምር ግን ያወጣለት ስም ምርቃት አልነበረም፤ የከተማይቱን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት የሰይጣን ቤት አለው። ስሙ ከፍርሃት የወጣ ነው፤ ቢሆንም ከግሪክኛ በአውሮፓ ዞሮ ከመጣውና «እንቅስቃሴ» ከማለት በቀር ምንም ከማይነግረን ሲኒማ የበለጠ ይናገራል። ሰው የሌለበት ግድግዳ ላይ ሰው ሲሮጥ ያየ ሌላ ምን ሊል ኖሯል?

1948 ዓ.ም. ለዚህ ታሪክ ድርብ ዓመት ነው። ጣሊያኖች ሲኒማ ብለው ጀምረውት የነበረው ሕንፃ በዚያ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ በብር ኢዮቤልዩው ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ የመሥሪያ ቤቱን ረጅም ስም መብራት ኃይል ብሎ አሳጠረው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ የሕዝቡ ግን አልተነቃነቀም። ይህ አጠራር ለመድረክ መብራት ሰዎች ጣጣ ማምጣቱ አልቀረም፤ እመጣበታለሁ።

ከውጭ የገቡትን የመብራት ቃላት ብንደረድራቸው የንግድ መንገድ ካርታ ይወጣቸዋል። ፋኖስ ከግሪክኛ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል መጣ፤ ሥሩ «ታየ፣ ተገለጠ» የሚል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለጥምቀት የምትለው ኤጲፋንያም ከዚሁ ሥር ነው። ሻማ ዐረብኛ ነው፤ ሰም ማለት። ላምባ በግሪክኛው ችቦ ነበር፣ በሌላው ዓለም መብራት ነው፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን የነዳጁ ስም ሆኖ አረፈ። አምፑል በፈረንሳይኛ ትንሽ ጠርሙስ ነው። ነርሷ ሰብራ በመርፌ የምትቀዳው ብልቃጥም፣ ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለውም አምፑል የተባሉት ሁለቱም የተነፋ መስታወት ስለሆኑ ነው፤ አንገቱን ላየ ብርሌ ማለትም ያስኬዳል። ከጣሊያንኛ ደግሞ የሠራተኛው እጅ የሚነካው ሁሉ መጣ፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የመኪናው ፍሬቻ። ፍሬቻ ቀስት ማለት ነው፤ ብልጭ ድርግም የሚል ቀስት።

አሁን ወደ አብነት ልመለስና ከዕቃዎቹ አንዱን ቀረብ ብዬ ላሳይ። በሰፈሩ ለሠርግና ለምርቃት ድምፅና መብራት ከሚያከራይ ሱቅ ውስጥ፣ ከአዳዲሶቹ የኤልኢዲ መብራቶች በስተጀርባ፣ ጥቁር ቀለም የተቀቡ የቆርቆሮ ጣሳዎች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ሠራተኞቹ ፓር ይሏቸዋል። ሙሉ ስማቸው ፓር 64 ነው፤ «ፓር» በአሉሚኒየም የተለበጠ ጎድጓዳ አንጸባራቂ ማለት የሆኑ ሦስት ቃላት ምሕጻረ ቃል ነው። 64ቱ ደግሞ ዋት የሚመስለው ብዙ ነው፤ አይደለም። አንድ ኢንች ለስምንት ተከፍሎ የአምፑሉ ፊት የሚለካበት ቁጥር ነው፤ 64 ለ8 ሲካፈል 8 ኢንች፣ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር። የተለመደው አምፑል 1,000 ዋት ይበላል። በእነዚህ ርካሽና ቢወድቁ የማይሰበሩ ጣሳዎች ነው የሮክ ባንዶች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዓለምን የዞሩት፤ የቴአትር ቤቱ መብራት ሌንሱ ከባድ ነው፣ በጭነት መኪና ሲንገላታ አይችልም።

በፓሩ አፍ ላይ ባለ ቀለም ወረቀት የሚገባበት ክፈፍ አለ። ሠራተኛው አንዱን ከፍቶ አሳየኝ። ሰማያዊው ወረቀት ከመሐሉ ነጥቷል፤ ዳር ዳሩ ገና ሰማያዊ ነው። ጥቁር ሰማያዊ የብርሃኑን አብዛኛውን ክፍል ውጦ ሙቀት ስለሚያደርገው ቶሎ ይቃጠላል፤ ቢጫው ግን ብዙ ስለሚያሳልፍ ይቆያል። ወረቀት አልኩ እንጂ ዛሬ ፕላስቲክ ነው። ድሮ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ ከሚወጣ ጀላቲን ይሠራ ስለነበር ስሙ ጄል ሆኖ ቀረ። ጀላቲን «በረደ፣ ረጋ» ከሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ ልጆች የሚልሱት ጀላቲም ከዚያው ግሥ በጣሊያንኛ በኩል የመጣ ነው። ከ1,000 ዋት ፊት የሚቀመጥ ነገር ስሙ ብርድ መሆኑ ያስቀኛል።

የአብነቱ ልጅ ግን ጄል አላለውም። «ቀለሙን አምጣው» አለ ጓደኛውን። ቀለም! ይህ ቃል የሄደበት መንገድ ከጄል ይረዝማል። ዘመዱ የግሪኩ ካላሞስ ነው፤ ሸምበቆ። ሸምበቆ ተቀርጾ መጻፊያ ሆነ፤ ዐረቡ ዛሬም መጻፊያውን ቀለም ይለዋል። በእኛ ዘንድ መጻፊያው ብርዕ የሚል ስም ስላለው፣ እሱም ራሱ ሸምበቆ ማለት ነው፣ ቀለም ወደ ፈሳሹ ተሻገረ። ከፈሳሹ ወደ ፊደሉ፣ ከፊደሉ ወደ ትምህርቱ ሄደ፤ ተማሪ ቀለም ይቆጥራል፣ ቀለም ይገባዋል፣ ሲበዛበት ቀለሜ ተብሎ ይቀለድበታል። ቀይና ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚለውን ትርጉም የያዘው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። በኤልኢዲው ዘመን ግን ቀለም የሚገባና የሚወጣ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል፤ ሰሌዳው ላይ የሦስት ቁጥሮች ድምር ነው። ልጁ ለዚያም «ቀለም ቀይር» ይላል። ቃሉ ከሸምበቆ እስከ ቁጥር መጥቶ አልደከመም።

ኤሌክትሪክ ሳይመጣ አውሮፓ መድረኩን ያደመቀችው በኖራ ነበር። ኖራን በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ነበልባል ሲያግሉት ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን ይወጣዋል። በ1820ዎቹ ለመሬት ቅየሳ ዋለ፣ በ1837 እ.ኤ.አ. ለንደን ኮቨንት ጋርደን መድረክ ላይ ወጣ። እንግሊዞች ዝነኛ የሆነን ሰው ዛሬም በኖራ ብርሃን ውስጥ ነው የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ኖራ የሚለው አማርኛ ከዐረብኛው ኑራ ጋር አንድ ነው፤ ዐረብኛው ለብርሃን ደግሞ ኑር ይላል። እዚህ ላይ ሥርወ ቃል የሚወድ ሰው ልቡ ይዘላል። አይዝለል፤ የኖራው ቃል ብርሃን ከመስጠቱ በፊት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ቤት ሲለስን የኖረ ነው። መመሳሰል ሁሉ ዝምድና አይደለም።

ባንድ ከከተማ ከተማ ሲዞር የሚባለውን ቱር የሙዚቃ ሰዎቻችን በእንግሊዝኛ አነጋገር ይዘውታል። እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛ ከላቲን፣ ላቲን ከግሪክ ተቀብሎታል፤ የመጀመሪያው ትርጉም የእንጨትና የብረት መጠረቢያ ተሽከርካሪ ነው። በብረታ ብረት ቤቶቻችን የሚሽከረከረው ቶርኖ የዚያው ቃል ልጅ፣ በጣሊያን በኩል የመጣው ነው። ዘፋኙ ቱር ሲወጣና ብረት ሠሪው ቶርኖ ላይ ሲቆም ሁለቱም አንድ ቃል ያዞራሉ።

ከሮክ ባንዶቹ ጋር ከሠሩት የመብራት ሰዎች ስሙ የቀረው ቺፕ ሞንክ ነው። በነሐሴ 1969 እ.ኤ.አ. ውድስቶክ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ፌስቲቫል የተቀጠረው መብራቱን እንዲነድፍ ነበር። የመድረኩ ጣሪያ የመብራቱን ክብደት እንደማይችል ታወቀና አብዛኛው መብራት ሳይሰቀል ቀረ። አስተዋዋቂ አልነበረምና ማይክራፎኑን ሞንክ ያዘው። ስለ ፌስቲቫሉ በ1970 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ዓለም ያወቀው በድምፁ ነው፤ የብርሃን ሰው ሆኖ እሱም የቀረልን በድምፅ ነው።

የእኛም ባንዶች ዞረዋል። በሂልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ፣ ኃይሉ መርጊያንና ግርማ በየነን ይዞ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገባ፤ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ጀነሲስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ባርሴሎና ውስጥ ራሳቸው የሚዞሩና ቀለም የሚቀይሩ መብራቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ አወጣ። ዛሬ በአብነቱ ሱቅ ሙቪንግ ሄድ የሚባሉት የእነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው። ለእነዚህ አማርኛ ስም ይውጣ የሚል ሰው ይኖራል። «ተንቀሳቃሽ ራስ» የሚል ነገር ከኮሚቴ ቢወጣ የሚጠቀምበት ማንም አይኖርም፤ ዕቃው በመጣበት ስም ይጠራ። አማርኛ የሚበልጠው ሌላ ቦታ ነው።

መብራቱን የሚያዝዘው ሰው ሙዚቃው መሐል ረጅም ዓረፍተ ነገር መናገር አይችልም። አንድ ቃል ይበቃዋል፤ ያ ቃል ደግሞ ምን ያህል ብርሃን፣ በምን ፍጥነት፣ በምን ስሜት የሚለውን አንድ ላይ መያዝ አለበት። ፈረንጁ ለዚህ ቁጥር ይጠራል። እኛ ዘንድ ቃሉ አለ። ቦግ ሲል በአንዴ ይሞላል። ፏ ሲል ሞልቶ ይፈስሳል፤ ወጣቱ ለደስታም፣ ለአለባበስም ፏ በል የሚለው ከዚህ ወስዶ ነው። ወገግ ሲል ቀስ ብሎ ከታች ይነሣል። ደብዘዝ ይላል፣ ጭል ጭል ይላል፣ ብልጭ ድርግም ይላል። ድርግምና እልም ራሳቸው አንድ አይደሉም፤ ድርግም ያለ መብራት ተመልሶ ሊበራ ይችላል፣ እልም ያለው ግን የሄደበት አይታወቅም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ከተማይቱን ሲዘጋት፣ በሆቴሎቹ ውስጥ በር ተቆልፎ ሌሊቱን ሲጨፈር ይታደር ነበር፤ ወገግ የሚለውን ቃል መድረክ ላይ ያለ መብራት ሳይሆን መስኮቱ ይጨርሰው ነበር።

ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ ሥር የላቸውም፤ የአብነት ተማሪም በርባ ግሥ አያገኛቸውም። ግሥ የሚሆኑት «አለ»ን ተደግፈው ነው። አማርኛ ብርሃንን ያናግረዋል፤ ቦግ አለ፣ ፏ አለ፣ ድርግም አለ። ድምፅ የሌለው ነገር «አለ» ተብሎ ሲነገርለት ለሞንታርቦው ጎረቤት ይህ ትንሽ ካሣ ይመስለኛል። ሱቁ ውስጥ ያሉት ልጆች ኮምፒዩተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ዘፈን ሲቀምሩ የሚነጋገሩት በእነዚሁ ነው፤ «እዚህ ጋ ቦግ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ፏ፣ ኬክ ሲቆረስ ደብዘዝ በል።»

ያልተፈታው የባለሙያው መጠሪያ ነው። ዲዛይነር ቢል ልብስ ሰፊ ይመስላል። ላይቲንግ ቢል የዕቃው ስም ነው። ከሁሉ የሚቀናው «የመብራት ሠራተኛ» ነበር፤ ግን እሱን ከ1948 ጀምሮ መብራት ኃይል ወስዶታል። አማርኛ መብራትንና ኤሌክትሪክን አንድ ስላደረጋቸው፣ መብራት ይመጣል፣ መብራት ይሄዳል፣ መብራት ይቆጥራል፣ መብራት ሰው ይይዛል። ከልጆቹ አንዱ የሙሽራዋን አባት ሊያነጋግር ሄዶ «የመብራት ሠራተኛ ነኝ» ቢላቸው፣ ሰውየው ስለ ሠርጉ አንድም ነገር ሳያነሡ፣ «ቆይ ልጄ፣ የእኛ ሰፈር ለምንድን ነው ማታ ማታ የሚጠፋው?» አሉት።